ከኬትልቤል (እጀታ ያለው የክብደት ማንሻ ብረት) በኋላ የክርን ውጪኛ ጎን ሕመም፦ ላቁም ወይስ አስተካክዬ ልቀጥል?

መጅ_በመጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የቀኝ ክርኔ በውጪ በኩል፣ ጎላ ብላ ከምትወጣው አጥንት አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሎ፣ ሲጫኑት ያመኛል። ሦስት ሳምንት ሆነው። ስሠራ ብዙም አይታወቀኝም፤ ጉዱ የሚመጣው በማግስቱ ነው። የሞላ ማንቆርቆሪያ ማንሳት፣ ጨርቅ መጭመቅ፣ ሰው መጨበጥ እንኳ ያስቸግረኛል።

የምሠራው በሳምንት 4 ቀን ነው፤ በ24 ኪሎ የአንድ እጅ ስዊንግ (ብረቱን በእግር መካከል አሳልፎ ወደ ፊት ማወዛወዝ) 100፣ ስናች (ብረቱን ከታች በአንድ ጊዜ ከራስ በላይ ማድረስ) በየእጁ 50፣ መጨረሻ ላይ ፑል አፕ (ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ) 5 ዙር። ከ16 ኪሎ በቀጥታ ወደ 24 ያለፍኩት ከአምስት ሳምንት በፊት ነው። ላቁመው ወይስ የክርን ማሰሪያ አድርጌ ልቀጥል? ደግሞስ ከሦስቱ የትኛው ነው የጎዳኝ?

ልል_ጣት፦
ወንድሜ፣ ሦስቱም የሚያደክሙት አንዱን ነገር ነው፤ ጨብጦ መያዝን። በዚያ ላይ ከ16 ወደ 24 ስትዘል ክብደቱን በግማሽ ጨመርክበት። ጡንቻ ቶሎ ይለምዳል፣ ጅማት ግን ዘገምተኛ ነው። 20 ኪሎ የሚባለው መሃል ላይ የተቀመጠው ለዚህ ነው።

ለምን ውጪኛው ጎን? ጣቶችህ እጀታውን ሲጨብጡ የእጅ አንጓህ ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ ከክንድህ ጀርባ ያሉት ጡንቻዎች አብረው ይወጠራሉ። የእነሱ ጅማት የተተከለው አሁን በሚያምህ አጥንት ላይ ነው። እጀታውን ባነቅከው ቁጥር ያቺን ቦታ እየጎተትካት ነው።

ስናች ላይ ደግሞ ጥፋቱ ብረቱ ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ ነው። ከሰውነትህ ርቆ ትልቅ ግማሽ ክብ ሠርቶ ከወረደ፣ ክንድህ ገና በአየር ላይ ተዘርግቶ ያልቅና መጨረሻ ላይ እንደ ገመድ ይነጠቃል። ስታወርደው ደረትህን ትንሽ ወደ ኋላ አድርግ፣ ክርንህን ወደ ጎድንህ ሰብስብ፣ ብረቱ ከፊትህ ብዙ ሳይርቅ ይውረድ። በመንገዱ ላይ እጀታው ከመዳፍህ ወደ ጣቶችህ ይንሸራተትና ጣቶችህ እንደ መንጠቆ ይያዙት። የላይኛው ክንድህ ጎድንህን እስኪነካ ድረስ ቆመህ ጠብቅ፤ ወገብህን ከዳሌህ የምታጥፈው ከዚያ በኋላ ነው። ዳሌ ቀድሞ ከታጠፈ ብረቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ንጥቂያውን የሚቀበለውም ክርን ይሆናል።

መጅህን ተመልከት። መዳፍህ መሃል ላይ ከሆነ ስዊንግ ላይ እጀታውን በመዳፍህ እየጨበጥከው ነው ማለት ነው። ቦታው የጣቶችህ ሥር ነው። ብረቱ ከራስህ በላይ ተገትሮ ሲቆም ግን እጀታው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ካለው ሥጋ ተነስቶ በትንሿ ጣት በኩል ወዳለው የመዳፍ ተረከዝ በሰያፍ ይተኛ፣ አንጓህም ቀጥ ይበል።

መጅ_በመጅ፦
እህት ነኝ፣ ግድ የለም። መጁ እውነትም መዳፌ መሃል ላይ ነው። አንድ የረሳሁት ነገር አለ፦ ሌሊት ክርኔን አጥፌ ስተኛ ትንሿ ጣቴና የቀለበት ጣቴ ይደነዝዛሉ። ይሄም ከዚያው ነው?

ክንድ_ጠጋኝ፦
አይደለም፤ ለይተሽ ያዢያቸው። የውጪው ሕመም የጅማት ነው። ድንዛዜው ግን በክርንሽ ውስጠኛ ጎን፣ ከአጥንቱ ጀርባ ባለው ቦይ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ነው፤ ክርን ሲጋጭ ኮረንቲ እንደያዘው የሚያደርገው እሱ ነው። ክርን ታጥፎ በቆየ ቁጥር ይወጠራል። ሌሊት ክርንሽ ላይ ፎጣ ጠቅልለሽ ላላ አድርገሽ እሰሪው፣ እንዳይታጠፍ ብቻ ነው። ብረቱን ደረት ላይ ይዞ ረጅም ጊዜ መቆምም ለጊዜው ይቅርብሽ። ድንዛዜው ቀንም ከመጣ፣ ጣቶችሽ ከደከሙ፣ ወይም በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ጡንቻ ከሟሸሸ ግን ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ በነርቭ ምክንያት የከሳ ጡንቻ በቀላሉ አይመለስም።

ጅማቱ መሆኑን ለማየት ክርንሽን ዘርግተሽ፣ መዳፍሽን ወደ መሬት አድርገሽ፣ መሃል ጣትሽን ብቻ ወደ ላይ እያነሳሽ በሌላው እጅሽ ተጫኚው። ያቺው ቦታ ከቆነጠጠችሽ እሱ ነው። ሕመሙ አንገትሽን ስታዞሪ የሚለዋወጥ ከሆነ ግን ክርንሽን ትተሽ አንገትሽን አስመርምሪ።

ሙሉ በሙሉ ማቆም አልመክርም። ያረፈ ጅማት ሕመሙ ይበርድለታል፣ አቅሙ ግን ይቀንሳል፤ ስትመለሺ እዚያው ትገናኛላችሁ። ክንድሽን ጠረጴዛ ላይ አስተኚ፣ መዳፍ ወደ ታች፣ አንጓሽ ከጠርዙ ይለፍ። 2 ወይም 3 ኪሎ ዳምቤል ይዘሽ አንጓሽን ሳታንቀሳቅሺ ቀጥ አድርገሽ 45 ሴኮንድ ያዢ። 5 ጊዜ፣ በመካከሉ 2 ደቂቃ እረፍት፣ በየቀኑ። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ቦታው ረጋ ካለ ወደ እንቅስቃሴ እለፊ፦ 3 ወይም 4 ሴኮንድ እየቆጠርሽ ወደ ታች አውርጂ፣ ስትመልሺው በሌላው እጅሽ አግዢው። 15 ድግግሞሽ፣ 3 ዙር፣ አንድ ቀን እየዘለልሽ። 15ቱ ሲቀልሽ ግማሽ ኪሎ ጨምሪ።

ሕመሙን ከ10 ስጪው። እስከ 3 ድረስ እየሠራሽ ቢሰማሽ አያስፈራም፣ ዳኛው የማግስቱ ጠዋት ነው። ያው ማንቆርቆሪያ ከትናንቱ የበለጠ ከከበደሽ ጭነቱን በግማሽ ቀንሺ። ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል፣ አንዳንዱ ላይ ከዚያም ይረዝማል። ብዙ ሰው በሁለተኛው ሳምንት «ለውጥ የለውም» ብሎ ይተወዋል።

ማሰሪያው ይረዳል እንጂ አያድንም። ከአጥንቱ ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ ጡንቻው ላይ ነው የሚታሰረው፣ አጥንቱ ላይ አይደለም። ስትሠሪ ብቻ አድርጊው፤ ድንዛዜው ከጨመረ አውልቂው። የኮርቲዞን መርፌ ለጥቂት ሳምንታት ድንቅ ነው፣ ከወራት በኋላ ግን የተወጉት ካልተወጉት ይልቅ ሕመሙ ሲያገረሽባቸው ታይቷል። ኢቡፕሮፌን ውጦ ወደ ልምምድ መግባት ደግሞ የማስጠንቀቂያውን ደወል ፈትቶ መግባት ነው። በነገራችን ላይ፣ በክርን የፊት እጥፋት በኩል «ጧ» ብሎ ድምፅ ሰጥቶ ከበለዘ ይሄ ሁሉ ምክር አይሠራም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ነው።

ሃያ_ኪሎ፦
እጀታውን ማንም አላነሳም። የውድድር ኬትልቤል እጀታ 33 ወይም 35 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፣ ተራው ብረት ከዚያ ሊወፍር ይችላል። ትንሽ እጅ በወፍራም እጀታ ላይ ሳይወድ ያንቃል። ጓንት ካለሽ አውልቂው፣ እጀታውን ከማወፈር ሌላ ሥራ የለውም። የሚያብለጨልጭ ቀለም የተቀባ ከሆነ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊው፣ ከዚያ እጅሽ ላይ ትንሽ የማግኔዥየም ካርቦኔት ዱቄት (እጅ እንዳይንሸራተት የሚቀባ ነጭ ዱቄት)። ሲበዛ ቆዳ ያደርቅና መጁን ይቀድዳል።

ልል_ጣት ላይ አንድ እርማት፦ «አታንቂው» ሲባል ጣቱን የሚፈታ አለ፣ ብረቱም ግድግዳ ላይ ያርፋል። የሚላላው ብረቱ ከላይ ለአፍታ ክብደት ሲያጣ ነው። ታች፣ በእግሮችሽ መካከል ሲያልፍ፣ መንጠቆው መያዝ አለበት።

ልል_ጣት፦
እህቴ ይቅርታ፣ ሃያ_ኪሎም ልክ ነህ። እንግዲህ ፕሮግራሙ፦ ለሦስት ሳምንት ስናችና ፑል አፕ ይውጡ። በ24 የሁለት እጅ ስዊንግ በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 60፤ ጭነቱ ለሁለት ስለሚከፈል ለክርንሽ ይቀላል። ዴድሊፍት (ክብደትን ከመሬት ቆሞ እስከ ጭን ማንሳት) ከፈለግሽ በማንሻ ማሰሪያ፣ ማለትም አንጓን ከእጀታው ጋር በሚያያይዝ ጨርቅ። ፕሬስ (ብረቱን ከትከሻ ወደ ላይ መግፋት) በ12 ኪሎ ይቻላል፣ ከላይ ግን ክርንሽን በኃይል ቆልፈሽ አታስጩሂው፤ በተለይ ክርኑ ከቀጥታ አልፎ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው ዘርግቶ በጡንቻ ይያዘው እንጂ አጥንት በአጥንት ላይ አይቆልፈው። ብረቱን ተገልብጦ መያዝ፣ ታቹ ወደ ላይ፣ ከሁሉም በላይ ጭብጥ ስለሚበላ አይሞከር። በአምስቱ ጣቶችሽ ዙሪያ ላስቲክ አስገብተሽ መክፈትና መዝጋት 25 ድግግሞሽ 2 ዙር ጨምሪበት።

ማንቆርቆሪያው ዝም ካለ ሁለት ሳምንት የአንድ እጅ ስዊንግ በ16። ከዚያ ስናች በ16፣ በየእጁ 5፣ 4 ዙር፣ ግን ከላይ በቀጥታ አታውርጂው፤ መጀመሪያ ደረትሽ ላይ፣ ከዚያ ወደ ስዊንግ። ሦስተኛ ሳምንት ላይ 20 ኪሎ። ፑል አፕ መጨረሻ ይመለስ፣ ቢቻል በተንጠልጣይ የጂምናስቲክ ቀለበት፣ እጅ እንደፈለገ ይዞራልና። ከስናች ጋር በአንድ ቀን አይግጠም።

መጅ_በመጅ፦
ፑሽ አፕስ?

ክንድ_ጠጋኝ፦
በተዘረጋ መዳፍ ካመመሽ በጡጫ፣ አንጓ ቀጥ ብሎ። ጡጫውን ግን አታጥብቂው።