የናርኒያውን ሎኩም (ለስላሳ የቱርክ ጣፋጭ) አዲስ አበባ ላይ የሠራችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ እርዱኝ

የታናሽ እህቴ ልደት የፊታችን ቅዳሜ ነው። ልጅ ሳለች ማታ ማታ የሲ.ኤስ. ሉዊስን የናርኒያ የልጆች ታሪኮች ካላነበብኩላት አትተኛም ነበር። አሁን በታሪኩ ውስጥ ነጯ ጠንቋይ ለልጁ ለኤድመንድ የሰጠችውን የቱርክ ሎኩም ልሠራላት ቃል ገብቻለሁ፤ ልክ እንደ መጽሐፉ በክብ ሣጥን፣ በአረንጓዴ የሐር ሪባን ታስሮ። ሣጥኑም ሪባኑም ተገኝቷል። ሎኩሙ ግን ሁለቴ ተበላሸብኝ።

መጀመሪያ ስኳሩን ከውሃና ከሎሚ ጭማቂ ጋር በቴርሞሜትር እየለካሁ 115 ዲግሪ አደረስኩት። ከበቆሎ ስታርቹ ጋር ሳዋህደው ጓጎለ፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ጥርስ የሚይዝ ከረሜላ ሆነ። በማግስቱ ፈርቼ ቶሎ አወጣሁት፣ እንደ አጥሚት ቀጥኖ ቀረ።

የምጠረጥረው ከፍታውን ነው። እዚህ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ በባሕር ጠለል ከፍታ ላሉ ከተሞች የተጻፈው 115 ለእኛ 107 አካባቢ መሆን ያለበት ይመስለኛል። በዚህ ልክ ሞክራችሁ የሠመረላችሁ አላችሁ? ስታርቹን ከሽሮፑ ጋር ካዋሃዳችሁ በኋላስ ምን ያህል ታማስሉታላችሁ? እኔ 15 ደቂቃ ብቻ ነው ያማሰልኩት፤ አንድ ሰዓት ያህል በዝግታ ይማሰላል ሲባልም ሰምቻለሁ።

ጾም ላይ ስለሆንን ከእንስሳ የሚሠራውን ጄላቲን ጨምሪበት እንዳትሉኝ። ሎኩምን የመረጥኩት እንቁላልም ወተትም ስለሌለበት ጭምር ነው። የጽጌረዳ ውሃ አለኝ፤ በፒስታቺዮ ፈንታ የተቆላ ለውዝ እጨምርበታለሁ።

እስከ ሐሙስ ብትመልሱልኝ አንዴ ለመሞከር ጊዜ ይኖረኛል።