ለጓሮ መጋረጃ፣ አጋዘን የማይደፍረው ዛፍ የቱ ነው?

ከቢቸና፣ ሜሪላንድ፦
ሰላም የጎጃም ልጆች። ጓሮአችን ለጎረቤት መስኮት የተጋለጠ ነው፤ ቅጠሉ የማይረግፍ ዛፍ ልንተክል አስበናል። ችግሩ አጋዘን ነው። ጎረቤታችን የደረደረውን ኤመራልድ ግሪን የሚባል የአጥር ዛፍ በበረዶው ወራት እስከ ደረት ድረስ ገፎታል። እናቴ ደግሞ የደብሩን ጥድ ዘር ልላክልሽ ትላለች። ይሆናል?

ከደጀን፣ ቨርጂኒያ፦
እህቴ፣ ዘሩ ይቅር። የሀበሻ ጥድ ደጋ ቢለምድም የዚህን አገር ውርጭ አይችልም፤ ዘሩም ያለ ፈቃድ አይገባም። ዘመዱ ግን እዚሁ አለ፤ ኢስተርን ሬድ ሲዳር ይሉታል። ስሙ ሲዳር ይሁን እንጂ ወገኑ ከእኛው ጥድ ነው። የለጋው ቅጠል ይዋጋል፤ አጋዘን ሌላ ምግብ ካገኘ አይነካውም። ጥላ አይወድም። በአቅራቢያው ፖም ካለ ደግሞ ተጠንቀቂ፤ ሁለቱ የሚቀባበሉት የዋግ በሽታ አለ። በጸደይ ዝናብ ሲመታው ጥዱ ላይ ብርቱካናማ ዝልግልግ ጣቶች ያበቅላል፤ መልኩ ያስጠላል።

ቶሎ እንዲከልልሽ ከፈለግሽ ግሪን ጃያንት የሚባል ዛፍ አለ። ሥር ከሰደደ በዓመት እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። ወርዱ ግን ከ4 ሜትር ያልፋልና ድንበር ላይ አትለጥፊው። ለጥላ ቦታ አሜሪካን ሆሊ የሚባለው ዛፍ ይሻላል። አንድ ዓይነት ብቻ አትደርድሪ፤ በሽታ ሲገባ ሁሉንም ጠርጎ ይሄዳል።

«አጋዘን አይበላውም» የሚለውን የመደብር ጽሑፍ ግን አትመኚው። ሲርበው የማይበላው የለም። ወንዱ ደግሞ በመኸር ቀንዱን ግንድ ላይ እየፈተገ ልጡን ይልጠዋል፤ ለዚህ የቅጠሉ መምረር ምንም አይፈይድም። ስለዚህ ችግኙን ሁሉ በሽቦ ወንፊት ክበቢ፤ ጫፉ ከአጋዘን አፍ በላይ እስኪያልፍ አታንሺው።

ከደብረ ማርቆስ፦
ልጄ፣ እኛ ዘንድ ፈተናው ፍየል ነው፤ ችግኝ በእሾህ ሳይታጠር አያድግም። ስትገዢ ረጅሙ አያጓጓሽ። ትንሹ ቶሎ ሥር ይሰድዳል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ውሃ አጠጪ፤ አፈሩንም ግንዱ ላይ አትከምሪ።

ከቢቸና፣ ሜሪላንድ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። የጎረቤቴ ፖም ከድንበሩ ጥግ ነውና ወደ ሆሊው አዘንብያለሁ። ወንድና ሴት አለው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ሁለቱንም ልግዛ?

ከደጀን፣ ቨርጂኒያ፦
ቀዩን ፍሬ ከፈለግሽ ለሴቶቹ አንድ ወንድ በአቅራቢያ ያስፈልጋል። ለመጋረጃ ብቻ ከሆነ የትኛውም ይበቃል።