«ስም ብቻ» ነው ወይ? የሳዘርላንድ ዱክ ክርክር

ባለ ካፖርት፦ ትናንት እዚሁ ስለ ስኮትላንድ መኳንንት ሲወራ አንዱ «የሳዘርላንድ ዱክ የሚባለው ማዕረግ አሁን ስም ብቻ ነው፣ ማንንም አይጎዳም» ብሎ አለፈ። ዱክ ማለት ከመኳንንቱ የበላዩ ማዕረግ ነው። ጎልስፒ የምትባለውን የስኮትላንድ ከተማ ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ከከተማዋ በላይ ተራራው አናት ላይ 30 ሜትር ገደማ የሚሆን ሐውልት ቆሟል። የመጀመሪያው የሳዘርላንድ ዱክ ነው። በእሱና በሚስቱ ዘመን ነው ጭሰኛው ከስትራትኔቨር ሸለቆ ተነቅሎ በግ የገባበት። ጽሑፉን ብታነቡት ያቆሙለት ጭሰኞቹ ናቸው! ስም ብቻ?

የቆላ ንብ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «አሁን» የምትለዋን ቃል የት ጣልካት? መፈናቀሉን ማን ካደ? 1814 እና 1819 ነው፣ በፈረንጅ። የዛሬው ዱክ ምን አደረገ?

ባለ ካፖርት፦ ምን አደረገ? 2009 ላይ ቲሺያን የሚባለው የጥንት ጣሊያናዊ ሠዓሊ የሣለውን አንድ ሥዕል በ50 ሚሊዮን ፓውንድ፣ 2012 ላይ ሌላውን በ45 ሚሊዮን ሸጠ። እኔም እንዲህ ያለ ስም ብቻ ይሰጠኝ።

የቆላ ንብ፦ ወንድሜ፣ ሥዕሎቹ ከዱክነቱ ጋር አልመጡም። የዛሬው ዱክ ቤተሰብ የኤገርተኖች ናቸው፣ ዱክነቱ ሳይደርሳቸው በፊትም በእጃቸው ነበሩ። አንብበህ ተከራከር።

እትዬ ሙሉ፦ ልጆች፣ ቀስ በሉ እንጂ። አምስተኛው ዱክ 1963 ልጅ ሳይወልድ ሲሞት ነገሩ ለሁለት ተከፈለ። ዱክነቱ ለወንድ ብቻ ስለሆነ ወደ ሩቅ ዘመድ ወደ ኤገርተኖች ሄደ። ከዱክ ዝቅ የሚለው ሌላው የሳዘርላንድ ማዕረግ፣ ኧርልነቱ፣ ግን ለሴትም ስለሚሆን የወንድሙ ልጅ ኤልሳቤጥ ወሰደችው። ደንሮቢን የሚባለው የቤተሰቡ ግንብም ለእሷ። 189 ክፍል ነው፣ ማን እንደሚጠርገው እንጃ።

የቆላ ንብ፦ አመሰግናለሁ እትዬ! እንግዲህ ዱኩ ከሳዘርላንድ የደረሰው ስሙ ብቻ ነው። አልኩ እኮ!

እትዬ ሙሉ፦ እኔን ምስክር አታድርገኝ። ኧርልነቱስ? እሱ ከነግንቡ ነው የሄደው።

ኢንቨርነስ በረዶ፦ ባለፈው በጋ ልጆቼን ይዤ ወደ ሐውልቱ ወጣሁ። ሰዓት ተኩል ዳገት፣ ኮፍያዬን ነፋስ ወሰደው። ትንሿ ልጄ «ይሄ ሰውዬ ደግ ነበር?» አለችኝ። ምን ልበላት? ዝም ብዬ ብስኩት ሰጠኋት።

ባለ ካፖርት፦ በላት እንጂ! ፓትሪክ ሴላር የሚባለው የመሬቱ ምስለኔ ቤት አቃጥሎ አሮጊት ገደለ ተብሎ 1816 ኢንቨርነስ ፍርድ ቤት ቆመ። በነጻ ተለቀቀ። ባስለቀቀው መሬት ላይ በግ ያረባውም ራሱ ነው።

ዳኛው፦ አንድ ነገር ትረሳላችሁ። መሬቱ የሚስትየዋ ነበር፣ ገና ሕፃን ሳለች የወረሰችው። ባልየው እንግሊዛዊ ባለጸጋ ነው፣ ዱክ የተባለው 1833፣ የሞተውም በዚያው ዓመት። ስድቡን ግን እሱ ብቻ ይጠጣል።

እትዬ ሙሉ፦ ሴትዮዋ አመለጠች ማለት ነው። ቤቲሂል የምትባለው መንደር እኮ በእሷ ስም ነው የተሰየመችው ይባላል። የተነቀሉትን ካሰፈሩባቸው ቦታዎች አንዷ ናት።

ባለ ካፖርት፦ «ስም ብቻ» 😀

የቆላ ንብ፦ አላገጥክ። ሐውልቱ ይፍረስ ነው የምትለው?

ባለ ካፖርት፦ ይፍረስ አላልኩም። ይፍረስ ያሉ ድሮም አሉ፣ ዛሬም እዚያው ቆሟል። እኔ የምለው «ስም ብቻ» አትበል ነው። እስከ 1999 ድረስ ስሙ ሲወረስ በብሪታንያ ፓርላማ፣ በሎርዶች ምክር ቤት፣ ወንበር ጭምር ይወረስ ነበር። በስም ብቻ ሕግ የሚያወጣ ሰው አይተሃል?

የቆላ ንብ፦ 1999 «አሁን» ነው?

ዳኛው፦ ለነገሩ ዱክ ማለት እኮ የእኛ ራስ ነው።

እትዬ ሙሉ፦ አይደለም! ራስ ይሾማል፣ ይሻራል። የሚወረሰው ርስት ነው። እዚያ ደግሞ ሹመቱ ራሱ ርስት ሆነ።

ዳኛው፦ የራስ ልጅ ራስ ሲባል አላየሁም ይበሉኛ!

እትዬ ሙሉ፦ ተሹሞ ነዋ! ንጉሡ ባይፈልግስ?

ኢንቨርነስ በረዶ፦ ኮፍያዬን ያገኘ የለም አይደል? ሰማያዊ ነው።