የባርዝ ሕመም ላለበት ልጄ ቅባት ልከልክለው?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ቨርጂኒያ
የሦስት ዓመት ልጄ ልቡ ሰፍቶ ደክሟል፤ ነጭ የደም ሴሉም በየጊዜው ይወርዳል። ባለፈው ወር የባርዝ ሕመም ነው ተባልኩ። ሐኪሙ ካርዲዮሊፒን የሚባል የሴል ቅባት መበላሸቱን ሲነግረኝ፣ ዘመዶቼ ቅቤና ዘይት ከገበታው እንዳነሣ ይወተውቱኝ ጀመር። ልጁ ግን ድሮም ከሲታ ነው። ያበላሁት ምግብ ይሆን የጎዳው? ታላቅ እህቱስ ትመርመር?

መልስ፦ የባዮኬሚስትሪ መምህር
እርስዎ ያበሉት አላመመውም፤ ይህን ጥርጣሬ ዛሬውኑ ከልብዎ ያውጡ። ካርዲዮሊፒን የሚገኘው የሴል ኃይል በሚመነጭበት በማይቶኮንድሪያ የውስጠኛ ሽፋን ላይ ነው። አራት የቅባት አሲድ ጭራዎች አሉት። ሽፋኑ እጥፋቱን እንዲጠብቅ የሚያደርገው፣ ኃይል አመንጪዎቹን ፕሮቲኖችም አጠጋግቶ የሚይዘው እርሱ ነው። ታፋዚን የሚባል ኢንዛይም የካርዲዮሊፒንን ጭራዎች እየለወጠ ለልብ ጡንቻ የሚስማማ ያደርገዋል፤ በጤነኛ ልብ ውስጥ በአብዛኛው አራቱም ሊኖሌይክ አሲድ ናቸው። በልጅዎ ሥራውን ያቆመው ታፋዚን ነው። ስለዚህ አንድ ጭራ የጎደለው ባለሦስት ጭራ ካርዲዮሊፒን ይጠራቀማል፣ ሽፋኑ ቅርጹን ያጣል፣ ኃይል ያንሳል፤ ቀን ከሌት የማያርፈው ልብም ይደክማል። ሊኖሌይክ አሲድ በምግብ ዘይት ውስጥ ሞልቷል፤ የጠፋው ዕቃው ሳይሆን ሠራተኛው ነው። ሐኪሙ ካላዘዘ ቅባት አይከልክሉት።

መልስ፦ የላቦራቶሪ ባለሙያ
ባለሦስት ጭራውን ከባለአራቱ ጋር የሚያነጻጽር የደም ምርመራ አለ፤ መሠራቱን ይጠይቁ። የታፋዚን ዘረ-መል በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ የሚታመሙት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ከልጅቷ በፊት እርስዎ ይመርመሩ። የተበላሸው ዘረ-መል ተሸካሚ ከሆኑ፣ የሚወለድ ወንድ ልጅ የመታመም፣ ሴት ልጅም የመሸከም ዕድላቸው ግማሽ በግማሽ ነው።

መልስ፦ የ14 ዓመት ልጅ እናት
አይዞሽ እህቴ። እኔ ከቅቤው ይልቅ የምፈራው ትኩሳትን ነው። አንድ ሌሊት «ጉንፋን ነው፣ ይነጋል» ብዬ አሳደርኩትና በደም መመረዝ ልናጣው ነበር። ነጭ ሴሉ ሲያንስ ትኩሳት ቀጠሮ አይሰጥም። ሌሊቱን ሙሉ ባዶ ሆድም አይመቻቸውም፤ ለእኛ ከመኝታ በፊት የበቆሎ ስታርች ታዞልናል፤ መጠኑን ግን ከሐኪም ተቀበዪ። ኤላሚፕሬታይድ የተባለ ካርዲዮሊፒን ላይ የሚያርፍ መድኃኒትም በመስከረም 2025 በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ፈቃዱ ግን 30 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሚመዝኑ ነው።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስንት ዲግሪ ሲሆን ልውሰደው?

የ14 ዓመት ልጅ እናት፦
ለእኛ የተጻፈልን 38 ነው። ለአንቺም ሐኪሙ በወረቀት ይጻፍልሽ፤ ማታ የምትደውዪበትን ስልክም ከሥሩ አስጽፊ።