ረጃጅም የእንግሊዝኛ ቃላትን ለ7ኛ ክፍል እንዴት ልከፋፍል?

የሳቢያኗ መምህርት (ድሬዳዋ)
ሰላም ለዚህ ቤት። ተማሪዎቼ አጫጭሩን ቃል ያነባሉ፤ «ትራንስፖርቴሽን» ወይም «አንከምፈርተብል» ሲመጣ ግን መጀመሪያውን አይተው ይገምታሉ። ሲላብል (በአንድ ጊዜ የሚጠራ የቃል ቁራጭ) በጭብጨባ ቁጠሩ ስላቸው «ስትሪት» ላይ አራቴ ያጨበጭባሉ። ከየት ልጀምር?

ጀጎል
አራቱ የመጣው ከፊደላችን ነው፤ ልጁ «ስ-ት-ሪ-ት» እያለ ሳድሱንም ይቆጥራል። የእንግሊዝኛ ሲላብል የሚቆጠረው በሚሰማው አናባቢ ነው፤ እዚህ አንድ ብቻ ነው። ጭብጨባውን ተዪና መዳፋቸውን አገጫቸው ሥር ያድርጉ፤ አገጭ በወረደ ቁጥር አንድ። «ኢ» ላይ እምብዛም ስለማይወርድ «ፋንታስቲክ»ን በመሰለ ቃል አስጀምሪ።

ጽሑፍ ላይ አናባቢዎቹን ያስምሩ፤ ጎን ለጎን ሆነው አንድ ድምፅ የሚሰጡት እንደ አንድ ይቆጠራሉ። በአናባቢዎቹ መሃል ሁለት ተነባቢ ካለ መሃላቸው ይቆረጣል፦ «ናፕ-ኪን»። አንድ ከሆነ መጀመሪያ ከፊቱ ይቆረጥ፦ «ታይ-ገር»። የሚያውቁት ቃል ካልወጣ ከኋላው ይሞከር፦ «ካብ-ኢን»። ኤስ-ኤች፣ ሲ-ኤች እና ቲ-ኤች አንድ ድምፅ ሲሆኑ አይነጣጠሉም።

ከዚራ
አቦ፣ ለ«ትራንስፖርቴሽን» ይሄ ሁሉ ድካም አያስፈልግም! መጀመሪያ ባዕድ መነሻና መድረሻውን አስነሺ። «ትራንስ» ማሻገር፣ «ፖርት» መሸከም፣ «ኤሽን» ድርጊቱን ስም የሚያደርግ። ከላቲን የመጣው «ፖርት» ለድሬ ልጅ እንግዳ አይደለም፤ ኢምፖርት ኤክስፖርት ሲባል ሰምቶ ነው ያደገው። በቲ-አይ-ኦ-ኤን ባለቀ ቃል ድምፁ የሚበረታው ከእሱ በፊት ባለው ሲላብል ላይ ነው፤ እዚህ «ቴ» ላይ።

ሌላው ቃልሽ «አን»፣ «ከምፈርት» እና «ኤብል» ነው። ሲጻፍ 5 ሲላብል ይወጣዋል፤ በንግግር ግን ብዙ ጊዜ 4 ነው። አጻጻፍ ስታስተምሪ አምስቱንም አስጠሪያቸው፣ አለዚያ ከኤፍ ቀጥላ ያለችውን ኦ ይውጧታል።

ጀጎል
ልክ ነው፣ ግን የውሸት መነሻ አለ። «አንክል» ላይ «አን»ን ብታነሺ የሚቀረው ምንም አይደለም። በሌላ በኩል «ሪጀክት» ላይ «ጀክት» ብቻውን ባይቆምም «ኢንጀክት» እና «ፕሮጀክት» ላይ ስለሚመለስ እውነተኛ ሥር ነው። ስለዚህ ቁራጩ ሌላ ቃል ውስጥ በተቀራራቢ ትርጉም ይገኝ እንደሆነ ይፈልጉ።

የሳቢያኗ መምህርት
በአንድ ክፍለ ጊዜ ስንት ቃል ልስጥ?

ከዚራ
ከአንድ ሥር የወጡ 5 ወይም 6 ቃላት። «ሀፒነስ»ን ለሌላ ቀን አቆዪው፤ ዋይ ወደ አይ ሲቀየር ሥሩን መለየት ያቅታቸዋል።