ዳክዬዎቹ ጥቁር ነጥብ ሆኑብኝ፤ ግድብ ላይ ተጓዥ ወፍ እንዴት ነው የሚታየው?

ጥያቄ፦ «ጀማሪዋ»

ሰላም ለሁላችሁ። የውሃ ወፍ ማየት ከጀመርኩ ገና ወር አልሞላኝም። መጸው ሊያልቅ ሲል ከሰሜን የሚመጡ ዳክዬዎች ያርፉበታል የተባለ ትልቅ ግድብ አለ፤ ሁለት ቅዳሜ ሄድኩ። ሁለቴም ባዶ እጄን ተመለስኩ። ወፉ መዓት ነው፤ ግን ውሃው ላይ የተበተነ ጥቁር አዝሙድ ነው የሚመስለው። ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ትገባለች። ቀረብ ልበል ስል ደግሞ መቶ ሜትር ያህል ሲቀረኝ ሁሉም ብር አሉ። ያለኝ 8 በ42 ባይኖኩላር ነው። ቴሌስኮፕ የግድ ነው? ጠዋት ይሻላል ማታ? ደግሞ ያየኋቸው ጥቂቶቹ ሁሉ ቡናማ ናቸው። መጽሐፍ ላይ ያሉት ባለ አረንጓዴ ራስ ወንዶች የት ገቡ?

«የማለዳ ሰው»

እህቴ፣ ባይኖኩላርሽን አትውቀሺው። 8 ማለት ስምንት እጥፍ ያቀርባል፣ 42 ደግሞ የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር ነው። ብርሃን ደብዘዝ ሲልም በደንብ ይሠራል። ያጠፋሽው አቋቋምሽን ነው። ፀሐይ ዓይንሽ ውስጥ ከገባች የቆምሽበት ዳርቻ ትክክል አይደለም። ጠዋት ከሆነ በምሥራቅ በኩል፣ ከሰዓት ከሆነ በምዕራብ በኩል ሁኚ። ብርሃኑ ከጀርባሽ ይምጣ። ይህን አንዱን ብቻ ስትቀይሪ ጥቁር አዝሙዱ ቀለም ያወጣል።

እኔ ጠዋትን እመርጣለሁ። ግን በዚህ ወቅት አንድ ጣጣ አለ። ውሃው የሞቃቱን ወራት ሙቀት ገና አልጨረሰም፣ የሌሊቱ አየር ግን ቀዝቅዟል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ግድቡ ላይ ጉም ይተኛል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አንቺ ቁጭ በይና ጆሮሽን ስጪ። ፉጨት የሚመስል አጭር ድምፅ ከሰማሽ ቲል የምትባለው ትንሿ ዳክዬ ልትሆን ትችላለች። ጉሙ ሲገለጥ ወፎቹ ቅርብ ሆነው ታገኛቸዋለሽ፤ ስትመጪ አላዩሽማ!

«ጫማ የቀረበት»

«ቀረብ ልበል» ያልሽው ነው ጉድ የሠራሽ። ወደ ዳክዬ አይኬድም፤ ዳክዬ ራሱ ነው የሚመጣው። ቀድመሽ ደርሰሽ ቁጥቋጦ ከጀርባሽ አድርገሽ ተቀመጪ። ግንቡ ጫፍ ላይ አትቁሚ፤ ከሰማዩ ጋር ቅርፅሽ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ዝም። ስልክ መነካካትም ይቅር። መኪና ካለሽ ከውስጡ ሳትወርጂ እዪ። ወፎች መኪናን ከሰው ያነሰ ይፈሩታል።

ስሜ ከየት እንደመጣ ልንገርሽ። የግድብ ውሃ ሲቀንስ ዳሩ ላይ ሰፊ ጭቃ ይቀራል። ከላይ ደርቆ ስንጥቅጥቅ ብሏል፣ የሚረገጥ ይመስላል። አንዴ ረገጥኩት። እስከ ጉልበቴ ዋጠኝ። እግሬ ወጣ፣ ጫማዬ እዚያው ቀረ። እና ከጭቃው ራቂ። የውሃ ማስተንፈሻው አካባቢም አትድረሺ፤ ውሃ መቼ እንደሚለቀቅ ለወፍ ተመልካች የሚነግር የለም።

«የማለዳ ሰው»

የመኪናው ምክር ጥሩ ነው፣ ግን ብዙ ግድብ ግንቡ ላይ መኪና ማቆም አይፈቅድም። መጀመሪያ ጥበቃውን ጠይቂ።

«ቆጣሪው»

ስለ ቡናማዎቹ እኔ ልመልስ። ወንዶቹ የትም አልሄዱም። እርባታው ሲያልቅ ያንን ያማረ ላባቸውን ይጥሉና ሴቷን ይመስላሉ። የክንፋቸው ላባ አንድ ላይ ስለሚረግፍ ለጥቂት ሳምንታት መብረር እንኳ አይችሉም፣ መደበቅ ይሻላቸዋል። መጸው ላይ ቀለሙን ቀስ በቀስ ይመልሳሉ። አንዳንዱ ይዘገያል፤ ማንቁሩ እንደ አካፋ የሰፋው ሾቬለር ታኅሣሥ ድረስ ዝብርቅርቅ ብሎ ይታያል። ስለዚህ አሁን ቀለም ላይ ብዙ አትመኪ፣ ቅርፅና ጠባይ እዪ።

ጠባይ ስል፣ ዳክዬ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ጭራውን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ራሱን ብቻ ውሃ ውስጥ ይነክራል። ሲነሳ ከውሃው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይፈናጠራል። ሁለተኛው ጥልቅ ብሎ ይጠልቅና ሌላ ቦታ ብቅ ይላል። ሲነሳ ውሃው ላይ እየሮጠ ነው፤ እግሩ ወደ ኋላ ስለተተከለ ለዋና እንጂ ለመፈናጠር አይመችም። ይህን ካወቅሽ ግድቡን ራሱን ማንበብ ትችያለሽ። ግንቡ አጠገብ ውሃው ጥልቅ ነው፣ እዚያ የሚጠልቁትን ፈልጊ። ወንዙ የሚገባበት ጫፍ ጥልቀት የለውም፣ ጭራ ሰቃዮቹ እዚያ ናቸው። አንቺ የሄድሽው ግንቡ ጋ ብቻ ከሆነ ግማሹን ወፍ አላየሽም ማለት ነው። ነፋስ ካለ ደግሞ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ያለውን ዳር እዪ። እዚያ ማዕበሉ ይቀንሳል፣ ወፎቹም ይጠጉታል።

አንድ ወጥመድ፦ ጥቁር ሆኖ ማንቁሩና ግንባሩ ነጭ ከሆነ ኩት የሚባል ሌላ የውሃ ወፍ ነው፣ ዳክዬ አይደለም። ጀማሪ ሁሉ እንደ ዳክዬ ይቆጥረዋል። እኔም ቆጥሬዋለሁ።

መቁጠር ካማረሽ አንድ በአንድ አትልፊ። አስር ቁጠሪና አስሩ የያዙትን ስፋት በዓይንሽ ያዢ። ያንን ስፋት መንጋው ላይ እየደረደርሽ ሂጂ። ብዙ አገሮች በአውሮፓውያኑ ጃንዋሪ በሚያደርጉት የውሃ ወፍ ቆጠራ የሚሳተፉ ሰዎችም ትልቅ መንጋ የሚቆጥሩት በዚህ ዓይነት መንገድ ነው። ያ ቆጠራ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ከ1967 ጀምሮ አለ። ቁጥሩ ቀልድ እንዳይመስልሽ፤ በ1971 ኢራን ውስጥ ራምሳር ላይ የተፈረመው የረግረጋማ ቦታዎች ስምምነት አንድን ቦታ ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ አለው የሚልባቸው መመዘኛዎች አሉት፤ አንዱ ቦታው 20,000 የውሃ ወፍ አዘውትሮ ማስተናገዱ ነው።

«ባለ ትራይፖድ»

ቴሌስኮፕ አሁን አትግዢ። እኔ በችኮላ ገዝቼ አንድ ዓመት ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ከ20 እስከ 60 እጥፍ የሚያቀርበው ጥሩ ነው፣ ግን ማቆሚያው ካልከበደ ነፋስ ያንቀጠቅጠዋል፣ ምንም አታዪም። መጀመሪያ ያለው ሰው አጠገብ ቆመሽ ሞክሪ።

«አባ ጉም»

ልጄ፣ ቀኑንም ምረጪ። አብዛኛው ዳክዬ የሚጓዘው ሌሊት ነው። ከሰሜን ቀዝቃዛ ነፋስ ነፍሶ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ማግስት ሂጂ፤ ትናንት ያልነበረ ወፍ ታገኛለሽ። ደክመው ነው የሚያርፉት፣ ስለዚህ አታስነሻቸው። አንድ ጊዜ ሲነሱ ለጉዞ ያጠራቀሙትን ስብ ነው የሚያቃጥሉት። የሞተ ወፍ ካየሽ ደግሞ በእጅሽ አትንኪ። የወፍ ጉንፋን አንዳንድ ዳክዬ ምንም ሳይታይበት ይዞት ይዞራል። ለሚመለከተው ክፍል ተናገሪ።

«ጀማሪዋ»

ዛሬ ሄጄ መጣሁ! ትናንት ነፋስ ነበር፣ አባ ጉም እንዳሉት አደረግኩ። ወንዙ የሚገባበት ጫፍ፣ በምሥራቅ በኩል፣ ቁጥቋጦ ሥር። አንድ ሰዓት ሙሉ ጉም ብቻ። እግሬ ደነዘዘ። ፉጨቱን ግን ሰማሁት። ከዚያ ጉሙ ከታች ጀምሮ ተነሳ፤ መጀመሪያ የወፎቹ ሆድ፣ ቀጥሎ ራስ። አርባ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ፒንቴይል የሚባል አንድ ወንድ ዳክዬ ነበር። ጭራው እንደ መርፌ ቀጭን፣ አንገቱ ላይ ነጭ መስመር። ራሱን ነክሮ ሲያወጣ ከማንቁሩ ጫፍ የውሃ ጠብታ ስትንጠለጠል አየሁ። ጀርባው ግማሹ ገና ቡናማ ነው፣ ቆጣሪው እንዳለው።

ባለፈው ቅዳሜ «ዳክዬ 85» ብዬ ደብተሬ ላይ ጽፌ ነበር። ግንባራቸው ነጭ ነበር። ሰርዤዋለሁ። ጫማዬም ሁለቱም ተመልሰዋል።