ሀበሻ ነጻ እንጀራ አያውቅም?

ዝም አልልም
እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና እየጠጣን አንዲት ልጅ ስለ ፉድ ስታምፕ (መንግሥት ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ የሚሰጠው የምግብ መግዣ ካርድ) እድሳት ጠየቀች። ሁለት ልጆች አሏት። ባሏ ፓርኪንግ ይሠራል። የማደሻው ደብዳቤ በእንግሊዝኛ መጥቶባት የሚያነብላት ሰው ፈልጋ ነው። አንድ ጠና ያሉ አባት ስኒያቸውን አስቀምጠው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «እኛ ስንመጣ ነጻ እንጀራ አናውቅም ነበር። ሀበሻ ሠርቶ ነው የሚበላው።» ልጅቷ ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ማንም ትንፍሽ አላለም፣ እኔም ጭምር። ከእሁድ ጀምሮ ግን ውስጤ እያረረ ነው። ባሏ እኮ ይሠራል! ሜሪላንድ ውስጥ ይሄን ካርድ የያዘ ሰው ሁሉ ተኝቶ የሚውል ነው የሚመስላቸው?

ነጂው
እና ሰውየው ምን አጠፉ? እውነት ተናገሩ። እኔ በ2009 በዲቪ ገባሁ። ሌሊት ጋዝ ስቴሽን፣ ቀን ታክሲ። እግሬ አብጦ ጫማ እምቢ እስኪለኝ ሠርቻለሁ። ከዚህ አገር መንግሥት አንድ ሳንቲም አልወሰድኩም። አሁን የሚመጣው ልጅ ከኤርፖርት ሳይወጣ «የት ነው የሚመዘገበው?» ነው የሚለው።

የአቡሽ እናት
አልወሰድክም ወይስ አይሰጡህም ነበር? በዲቪ የገባ አዋቂ ፉድ ስታምፕ ለማግኘት ግሪን ካርዱን ይዞ 5 ዓመት መጠበቅ አለበት። ከ2003 ጀምሮ ሕጉ ይሄው ነው። ያልተሰጠህን ነገር «አልወሰድኩም» ብለህ አትኩራብን። ከኤርፖርት ሳይወጣ የተመዘገበ የዲቪ ልጅ ካለ ደግሞ አሳየኝ።

ነጂው
ከ5 ዓመት በኋላም አልወሰድኩም እህቴ።

የአቡሽ እናት
ከ5 ዓመት በኋላማ ሁለት ታክሲ ነበረህ፣ ምን ብለው ይሰጡሃል።

ኮስታራው
እኔን የገረመኝ «ነጻ እንጀራ» የምትለው ቃል ናት። ነጂው፣ ስትመጣ ማን ቤት አረፍክ?

ነጂው
የአክስቴ ልጅ ቤት። ምን አገናኘው?

ኮስታራው
ስንት ወር?

ነጂው
7 ወር ገደማ።

ኮስታራው
ሬንት ስንት ትከፍል ነበር?

ነጂው
እሱ እኮ ዘመድ ነው! ዘመድና መንግሥት አንድ ነው እንዴ?

ኮስታራው
አላልኩም። 7 ወር ነጻ እንጀራ በልተሃል ነው ያልኩት። ደግሞም ይሁንልህ፣ ሁላችንም በልተናል። ሀበሻ ነጻ እንጀራ ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው? ተዝካር ምንድነው? ሰርግ ምንድነው? ክርስትና ተብሎ የማናውቀው ሰው ቤት ገብተን ጥብስ እስኪያልቅ የምንቀመጠውስ? የልጅቷ ጥፋት በሲልቨር ስፕሪንግ ባለ ሶፋ የአክስት ልጅ የሌላት መሆኑ ነው።

የድሮ ሰው
ልጆች፣ በትልቅ ሰው ላይ እንዲህ አይቀለድም። እኚያን አባት አውቃቸዋለሁ፣ ክፉ ሰው አይደሉም። ያን ጊዜ እዚህ ስንመጣ ቤተ ክርስቲያኑም የለ፣ ሱቁም የለ፣ ጤፍ የሚባል ነገር የለ። በስንዴና በገብስ ዱቄት ነበር የምንጋግረው። ያላየ ሰው ይቀልዳል። ለማለት የፈለጉት «አትልመዱት» ነው። የአባት ምክር ነው።

ጠይሟ ነርስ
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ እርስዎና እሳቸው በሱዳን በኩል በስደተኝነት ነው የመጣችሁት አይደል? የ1980ው የስደተኞች ሕግ እኮ ለናንተ ዓይነቱ ሰው የጥሬ ገንዘብ እርዳታና ሕክምና ይዞ ነው የመጣው። መጀመሪያ ላይ እስከ 36 ወር ይደርስ ነበር፣ በኋላ ነው እየተቆረጠ የሄደው። ፉድ ስታምፑም ያኔ በወረቀት ነበር፣ ከደብተር እየተገነጠለ። ካሸሯ ፊት የሚቆጠረውን ነው የምልዎት። እናቴ እስከ ዛሬ ድረስ ሽፋኑን አስቀምጣዋለች። እና «እኛ አናውቅም ነበር» ሲባል ይከብደኛል።

የድሮ ሰው
ወስደናል። ማን አልወሰድንም አለ? ለጥቂት ወራት ነው። ሥራ እስክንይዝ። እሳቸው ያሉት ለዘላለም ስለሚወስደው ነው።

ዝም አልልም
ጋሼ፣ እሁድ ዕለት ስኒውን ሲያስቀምጡ «ለዘላለም» የምትል ቃል አልሰማሁም። «አናውቅም ነበር» ነው ያሉት።

ሂሳብ በእጄ
ታክስ ነው የምሠራው፣ ስለዚህ ቁጥሩን ላስቀምጥና እናንተ ተጣሉ። የሜሪላንድ ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 15 ዶላር ነው፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከዚያ ከፍ ይላል። በ15 ዶላር ሂሳብ በሳምንት 40 ሰዓት፣ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን ሳይቀር የሠራ ሰው 31,200 ዶላር ያገኛል፣ ታክስ ሳይቆረጥ። ለአራት ሰው ቤተሰብ የሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው መንግሥት የሚሸፍነው ሕክምና) የገቢ ጣሪያ በ2025 ስሌት 44,367 ዶላር ነበር። ፉድ ስታምፕ ደግሞ ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ከድህነት መስመሩ እጥፍ ድረስ ማመልከት ይቻላል። የልጅቷ ባል ሙሉ ሰዓት እየሠራ ነው የሚያሟላው። «ሠርቶ መብላት» የሚባለው ይሄው ነው፣ ሠርቶም አልበቃ አለው። እንዲያውም ላጤ ቢሆን ኖሮ በዚሁ ደመወዝ ሜዲኬይድ አያገኝም ነበር፣ ለአንድ ሰው ጣሪያው በዚያው የ2025 ስሌት 21,597 ነበርና።

ነጂው
ቁጥር ቁጥር ነው። እናንተ የማታወሩትን ላውራ? ስንት ሰው ነው በካሽ እየሠራ ገቢዬ ይሄ ብቻ ነው እያለ ካርድ የሚያወጣው? ሬስቶራንት ውስጥ ግማሹን በቼክ ግማሹን በካሽ። እኔ የማውቃቸው አሉ። አዲስ መኪና ይነዳል፣ ሱቅ ሲገባ ካርዱን ያወጣል። እኔ ታክስ የምከፍለው ለሱ ነው?

የአቡሽ እናት
የምታውቀው ሰው ካለ ለሱ ንገረው፣ በልጅቷ ላይ ምን ያስፈርድሃል።

ሂሳብ በእጄ
ካሽ የሚደብቅ አለ፣ አልዋሽም። ቢሮዬ መጥቶ «ትንሽ አድርገህ ጻፍልኝ» የሚል ሰው አጋጥሞኛል፣ መልሼዋለሁ። ግን ነጂው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህና አትቆጣ። ኡበር ነው አሁን የምትነዳው?

ነጂው
አዎ። ምነው?

ሂሳብ በእጄ
በ2025 ለአንድ ማይል 70 ሳንቲም ከገቢህ ትቀንሳለህ። 40,000 ማይል ከነዳህ 28,000 ዶላር ጠፋ ማለት ነው። ሕጋዊ ነው፣ ምንም ነውር የለውም። ሜዲኬይድ የሚያየው ደግሞ ከቀነስክ በኋላ የቀረውን ነው። እና የልጆችህ ኢንሹራንስ ምንድነው?

ነጂው
የልጆች ሌላ ነው።

ኮስታራው
ሃሃሃሃ «የልጆች ሌላ ነው»!

ነጂው
ሌላ ነው አልኩ! ስቴቱ ለልጅ ብሎ ነው የሚሰጠው። ልጅ ሲታመም ምን ላድርግ?

ጠይሟ ነርስ
ምንም አታድርግ ወንድሜ፣ ውሰዳቸው። መብታቸው ነው። ግን «አንድ ሳንቲም» የምትለዋን ወይ አንሳት ወይ አሳምራት። የልጅ ሕክምና በሳንቲም አይቆጠርም፣ እኔ ክሊኒክ ስለምሠራ የሕክምናውን ቢል አየዋለሁ።

ነጂው
እኔ ያልኩት እንጀራ ነው። ፉድ ስታምፕ።

ኮስታራው
አሁን ደግሞ እንጀራ ማለት እንጀራ ብቻ ሆነ። ቅድም «ከዚህ አገር መንግሥት» ነበር።

ቨርጂኒያ ማዶ
ከዳር ሆኜ ሳነብ ነበር። እናንተ «ማን በላ» ላይ ናችሁ፣ ሰውን ግን እያስራበው ያለው ፍርሃት ነው። ጎረቤቴ በአምስት ወሯ ነፍሰ ጡር ሆና «ደብሊው አይ ሲ (ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን የሚሰጠው የምግብ እርዳታ) ከወሰድኩ ግሪን ካርዴን ይከለክሉኛል» ብላ እምቢ አለች። ማን እንደነገራት ሳጣራ ቲክቶክ ላይ የሚጮህ ሰውዬ። እርዳታ የወሰደን ሰው ግሪን ካርድ ሊያስከለክል የሚችለው የ2019ኙ ሕግ ሰውን አስደነገጠ፣ በ2021 ተሻረ፣ በ2022 የወጣው ደግሞ የሚቆጥረው ጥሬ ገንዘብ እርዳታና በመንግሥት ወጪ ለረጅም ጊዜ ተቋም ውስጥ መኖርን ነው። የሕፃን ወተት አይቆጠርም። ስደተኛና ጥገኝነት የተሰጠው ሰውማ ከዚህ ጥያቄ ነጻ ነው።

ሂሳብ በእጄ
ልክ ነህ፣ ግን ሙሉውን ንገራቸው። የ2022ቱን ለመሰረዝ በ2025 ኅዳር ላይ ሐሳብ ቀርቧል። ስለዚህ ወረቀቱ ያላለቀለት ሰው ቲክቶክም እኛንም ትቶ ጠበቃ ይጠይቅ።

ቨርጂኒያ ማዶ
አያችሁ? አሁን እሷ ይሄን ካነበበች ደግሞ ሌላ ሦስት ወር ትጾማለች።

የድሮ ሰው
እንግዲያው አለመንካቱ ይሻላል ማለት ነው። እኚያ አባትም ያሉት ይሄንኑ ነው።

ዝም አልልም
አላሉም ጋሼ!! ስለ ሕጉ አንድ ቃል አልተናገሩም። በሰው ፊት አሳፈሯት።

አዲስ ገቢ
ይቅርታ፣ እኔ ብዙም አልጽፍም። ጥገኝነት ተሰጥቶኛል፣ ግሪን ካርድ ገና ነው። በ2025 ሐምሌ 4 የተፈረመው ሕግ እንደኔ ያለውንና ስደተኛውን ግሪን ካርዱ እስኪወጣ ከፉድ ስታምፕ አስወጥቶታል። ደብዳቤው ሲመጣ ስህተት መስሎኝ ደወልኩ። 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ መስመር ላይ ጠበቅሁ። ስለ ነጻ እንጀራ የምትከራከሩት እኔጋ ተቋርጦ ስላለቀ ነው የገረመኝ። የጥገኝነት ኬዙ ገና ያልታየለት ጓደኛዬ ደግሞ ጭራሽ አግኝቶ አያውቅም፣ ወርክ ፐርሚት አለው፣ ከየቼኩ ሶሻል ሴኩሪቲ ይቆረጥበታል፣ እሱ ግን ማመልከትም አይችልም። ለሱስ ምን ትሉታላችሁ?

የአቡሽ እናት
አይዞህ ወንድሜ። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ፉድ ባንክ አለ፣ ወረቀት አይጠይቁም።

ነጂው
ለሱ አዝናለሁ፣ ከልቤ። እሱን አላልኩም። እየቻለ የሚወስደውን ነው።

ኮስታራው
መጀመሪያ ሁሉም። ከዚያ ከ5 ዓመት በኋላ። ከዚያ ከልጆች በስተቀር። አሁን እየቻለ የሚወስደውን። ነጂው፣ እየጠበብክ እየጠበብክ መጨረሻ ላይ አንድ መኪና ያለው ሰውዬ ብቻ ሊቀርህ ነው።

ቨርጂኒያ ማዶ
በ2025 ኅዳር መንግሥት ተዘግቶ ካርዱ ባዶ የሆነ ጊዜ ረሳችሁት? ቨርጂኒያ ከራሷ ካዝና በሳምንት በሳምንት አደረገችው፣ ሜሪላንድም ከራሷ አወጣች። ያን ሳምንት ሀበሻ ሱቅ ገብቼ ነበር። ባለሱቁ በብሶት ምን አለኝ? «እንጀራው እስከ ማታ ተቀመጠብኝ።» ነጻ እንጀራ የምትሉት ባለሱቁንም ጋጋሪዋንም ነው የሚያበላው። ካርዱ ትኩስ የተሠራ ምግብ ላይ አይሠራም፣ እንጀራና ዱቄት ላይ ነው የሚሠራው። ገንዘቡ እዚሁ ሰፈር ነው የሚቀረው።

የድሮ ሰው
እሱስ እውነት ነው፣ ባለሱቁ ይጠቀማል።

የአቡሽ እናት
ስለ ሌቦቹስ ማን ያወራል? የኔ እህት ካርድ በአንድ ሌሊት ተጠረገ። ኒውዮርክ ውስጥ ተገዛበት አሉ፣ እሷ ኒውዮርክን በቴሌቪዥን ነው የምታውቀው። የተሰረቀውን በፌዴራል ገንዘብ መተካት ከ2024 ታኅሣሥ 20 በኋላ ለተሰረቀ ቆሟል። የባንክ ካርድ ሲሰረቅ ይመለሳል፣ የደሃ ካርድ ሲሰረቅ «እናዝናለን»። እባካችሁ ፒናችሁን በየወሩ ቀይሩ፣ ካርዱ የሚገባበትን ማሽን ነካ ነካ አድርጋችሁ እዩ፣ የሚወዛወዝ ከሆነ ውጡ።

ዝም አልልም
ይሄ ጠቃሚ ነው፣ አመሰግናለሁ። ወደ ልጅቷ ልመለስ። ዛሬ ስልኳን ፈልጌ ደወልኩላት። የእድሳቱ ቀን ሊያልፍ 3 ቀን ቀርቶታል። አንድ ፎርም እሞላለሁ የሚል ሰው 100 ዶላር ጠይቋታል።

ጠይሟ ነርስ
100 ዶላር? ለምን ሲባል! ማመልከቻው ነጻ ነው፣ አስተርጓሚውም ነጻ ነው። ቢሮ ትደውልና «አማርኛ» ትበል፣ ያቆያታል እንጂ ይመጣል። የ1964ቱ የሲቪል መብት ሕግ ነው የሚያስገድዳቸው። የሚመጣው አስተርጓሚ ግን አንዳንዴ... አንድ ጊዜ ለታካሚዬ «ሃውስሆልድ» (አብሮ የሚኖር ቤተሰብ) የሚለውን «የቤት እቃ» ብሎ ተርጉሞላት ሶፋና ፍሪጅ መቁጠር ጀምራለች።

ኮስታራው
ሶፋውን ከነጂው ጋር ትቁጠረው።

ነጂው
ኮስታራው አሁንስ በዛ። 7 ወር ተቀመጥኩ፣ እሺ። ግን ዕቃ አጥባለሁ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። በነጻ አልነበረም።

የአቡሽ እናት
የልጅቷ ባልም መኪና ያቆማል፣ በነጻ አይደለም።

የድሮ ሰው
እኚያን አባት ነገ አገኛቸዋለሁ። እነግራቸዋለሁ። ግን እናንተም ቃላችሁን አለዝቡ።

ዝም አልልም
ምን ብለው ነው የሚነግሯቸው ጋሼ?

ኮስታራው
ነጂው፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ያ የአክስትህ ልጅ እዚህ ግሩፕ ውስጥ አለ?

ሶፋው የኔ ነው
አለሁ። 11 ወር ነው። ዕቃም አጥቦ አያውቅም።